ዓይኑን መክደን ያልቻለው አብራሪ

ክቡራትና ክቡራን፣ በተለይ ደግሞ ነገ ሃንጋርና ኮክፒት የምትገቡ ልጆቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጀርመናዊ ተዋጊ አብራሪ ነው። ዮሐንስ ሽታይንሆፍ ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 176 አውሮፕላኖችን እንደጣለ ተመዝግቦለታል። እኔ በዚህ ቁጥር አልደነቅም፤ በነዚያ አውሮፕላኖች ውስጥ ሰው ነበር። የበረረውም ለሂትለር መንግሥት ነው። ይህን ሸፋፍነን አናልፍም። በጥር 1945 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የአየር ኃይሉን የበላይ አዛዥ ጎሪንግን ፊት ለፊት ተጋፍጧል። ጠባቸው ግን በአየር ኃይሉ አመራር እንጂ መንግሥቱ በፈጸመው ግፍ አልነበረም።

ኤፕሪል 18 ቀን 1945፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሙኒክ አጠገብ ካለው የሪም ሜዳ ሊነሳ ተንደረደረ። አውሮፕላኑ ሜ 262 ጄት ነው፤ ነዳጅና ሮኬት ተሸክሟል። መንደርደሪያው በቦምብ የተጎዳ ነበር። ጎማው ተመታ፣ ጄቱ ሊነሳ ሲል ተከሰከሰና በእሳት ተያያዘ። ሽታይንሆፍ ከእሳቱ ወጣ። ፊቱ ግን ተቃጥሎ ነበር፤ የዓይኑ ቆብ ሳይቀር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በ1950ዎቹ ምዕራብ ጀርመን አዲስ አየር ኃይል ስታቋቁም ሽታይንሆፍ ተመልሶ ገባ። አገሪቱ 916 ኤፍ 104 ስታርፋይተር ጄቶች አስገባች። ጄቱ መጀመሪያ የተሠራው ከፍ ብሎ፣ በፍጥነት በርሮ ጠላትን ለመጥለፍ ነው። ጀርመኖች ግን ቦምብ አሸክመው፣ ዝቅ ብሎ፣ በደመናና በጉም ውስጥ እንዲበር አደረጉት። አብራሪዎቹ የሚሠለጥኑት ደግሞ ጠራራ ፀሐይ ባለበት አሪዞና ነበር። በቂ ቴክኒሻን የለም። ሃንጋር ስለማይበቃ ጄቶቹ ዝናብ ላይ ያድራሉ። አንዱ ከሌላው ተደራርቦ ልጆቹ ይረግፉ ጀመር። ሕዝቡ ጄቱን «ባል ገዳይ» ብሎ እስከመጥራት ደረሰ። በአገልግሎት ዘመኑ 116 አብራሪዎች አልቀውበታል። በጦርነት አይደለም፤ በሰላም ጊዜ!

በ1966 ሽታይንሆፍ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነ። «ስህተቱ የአብራሪው ነው» ብሎ ፋይሉን አልዘጋም። ሥልጠናው እንዲጠናከር፣ ጥገናው እንዲስተካከል አደረገ። አብራሪውን አስፈንጥሮ የሚያወጣው ወንበርም በተሻለ ተቀየረ። አደጋው ጨርሶ አልቆመም፤ ግን ቀነሰ። እኔ የዚህን ሰው ትልቁን ሥራ የማየው እዚህ ላይ ነው። በኋላ፣ ከ1971 እስከ 1974፣ የኔቶ ወታደራዊ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ አገልግሏል።

ያን አየር ኃይል ሲያስተካክል ዓይኑን ከድኖ መተኛት አይችልም ነበር። የዓይን ቆቡን በቀዶ ሕክምና የሠራለት ሐኪም እንግሊዛዊ ነው፤ በ1969፣ ከቃጠሎው 24 ዓመት በኋላ።

አመሰግናለሁ።