አሥር አሥር ሆነን እንግባ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

አስተባባሪዎቹ በጉዞው ላይ ስለምናያቸው የማልታ ዋሻዎች አሳጥሬ እንድናገር አዝዘውኛል። አስቀድሜ ግን ለአንድ ቅሬታ መልስ ልስጥ። «ከፍለን ለምን ለሳምንታት ተራ እንጠብቃለን? ደግሞስ በአንድ ጊዜ አሥር ሰው ብቻ ለምን?» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ቅሬታው ፓውላ ከተማ ውስጥ ያለውን የሐል ሳፍሊየኒ ሃይፖጂየም፣ ማለትም ከመሬት በታች ከአለት የተፈለፈለውን ጥንታዊ የመቃብር ቦታ ይመለከታል። እኔ ከከልካዮቹ ጋር ነኝ፤ ምክንያቴን ስሙኝ።

ማልታ ቤቶቿን የምትሠራበት ቢጫማ የኖራ ድንጋይ አላት፤ የአገሩ ሰው ፍራንካ ይለዋል። ከመሬት እንደወጣ ለስላሳ ነው፤ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። እንዲህ ዓይነት ድንጋይ ላይ የሚኖር ሕዝብ ወደ ላይ እንደሚገነባ ሁሉ ወደ ታችም ይቆፍራል።

ሃይፖጂየሙን በ1902 እ.ኤ.አ. ያገኙት ለአዳዲስ ቤቶች የውኃ ማጠራቀሚያ የሚቆፍሩ ሠራተኞች ነበሩ። መጀመሪያ ሊደብቁት ሞክረው ነበር። ሥራቸው እንዳይቆምባቸው ፈርተው ይሆናል፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ከዚያ ቁፋሮውን የመሩት አባ ማኑኤል ማግሪ የሚባሉ ካህን በ1907 ቱኒዚያ ውስጥ ስፋቅስ ከተማ ሲያርፉ ማስታወሻቸው ጠፍቶ ቀረ። ሥራውን የቀጠሉት ቴሚስቶክሊስ ዛሚት እዚያ የተቀበሩት ሰዎች ወደ 7000 ይደርሳሉ ብለው ገመቱ። ከእርሳቸው በፊት የወጣው አጥንት እንዴት ተኝቶ እንደነበረ፣ ከማን አጠገብ ምን እንደተቀመጠ ግን የሚነግረን የለም። ይህ ቦታ ገና ሳናውቀው ግማሹን ታሪክ አጥቷል። ለቀረው መጠንቀቃችን ይበዛበታል?

ቀሪው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4000 እስከ 2500 ባለው ዘመን፣ ብረት የማያውቁ ሰዎች በባልጩትና በቀንድ ሦስት ደርብ ወደ ታች ጠርበው ወርደዋል። ጣሪያው ላይ በቀይ አፈር የተሣሉ ጥምዝ ሐረጎች አሁንም ይታያሉ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን አንዱ ክፍል ነው፤ ጣሪያው ከላይ መሬት ላይ በድንጋይ ክምር የተሠሩትን ቤተ መቅደሶች ጣሪያ አስመስሎ ተፈልፍሏል። ላሊበላ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቤተ አማኑኤል የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ ግንብ አስመስሎ ከአንድ አለት እንደወጣ ማለት ነው። እዚያው የተገኘችውን፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ «የተኛችው እመቤት» የምትባል የሸክላ ምስል ግን በሃይፖጂየሙ አትፈልጓት፤ ቫሌታ በሚገኘው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ናት።

አሁን ወደ አሥሩ ሰው ልመለስ። ሰው ሲተነፍስ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ሰውነቱ ክፍሉን ያሞቃል፤ መብራቱ ደግሞ በእርጥብ ድንጋይ ላይ አረንጓዴ ሽበት ያበቅላል። ቀዩ ሥዕል በዚህ ይጠፋል። ስለዚህ ቦታው ከ1991 እስከ 2000 ለጥገና ተዘግቶ ቆየ፤ ሲከፈትም የጎብኚው ቁጥር በቀን በ80 ሰው ተገደበ። የሚጎዳው የእኛ ትንፋሽ ነው፤ አመለ ሸጋ ጎብኚም ቢሆን ይተነፍሳል። ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው፤ ስለዚህ ስልካችሁን አትጨቃጨቁበት።

ራባት በምትባለው የማልታ ከተማ ነገሩ ይቀላል። የቅዱስ ጳውሎስ ካታኮምብ የሚባለው የምድር ውስጥ መቃብር ሰፊ ነው፤ እንደልባችሁ ትዞራላችሁ። ሐዋርያው መርከቡ ተሰብሮ መላጥያ፣ ማለትም ማልታ መድረሱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አብዛኞቹ መቃብሮች ግን ከእርሱ በኋላ የመጡ ናቸው። ከመቃብሮቹ አጠገብ ከአለቱ የተፈለፈሉ ክብ ማዕዶችን ልብ በሉ። ዘመዶች ተሰብስበው ለሟች መታሰቢያ ይበሉባቸው ነበር፤ የእኛ ተዝካር ማለት ነው። በጥቂት መቃብሮች ላይ ደግሞ የአይሁድ መቅረዝ ተቀርጿል፤ በሕይወት ሳሉ የተለያየ እምነት የነበራቸው ሰዎች እዚያው ሠፈር ተቀብረዋል።

አር ዳላምን በአጭሩ ልለፈው። ውኃ የቦረቦረው 144 ሜትር ዋሻ ነው፤ በደሴት ኑሮ ቁመታቸው ያነሰ የዝሆኖችና የጉማሬዎች አጥንት ተገኝቶበታል። ልጆች ይወዱታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደሴቲቱ በቦምብ ስትደበደብ ሰዎች ተጠልለውበታል። ሕዝቡ በየመንደሩም በእጁ መጠለያ ቆፍሯል፤ ያ ለስላሳ ድንጋይ ያኔ ነፍስ አዳነ።

በመጨረሻ፣ ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሃይፖጂየም አይገቡም። እናቶችና አባቶች ተራ በተራ ልጆቹን ያዙ። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው፣ አስም ያለበት ዛሬውኑ ይንገረን። ዝርዝሩን አሥር አሥር አድርገን በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነዋል፤ ከጓደኛችሁ ጋር ባትመደቡ አትቆጡ። አመሰግናለሁ።