ወርቅ ቅብ ነው፤ ታዲያስ?

[ሦስት ረድፍ ነጭ ዕንቁ በቅርበት ይታያል]

እ.ኤ.አ. በ1996 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የአንገት ጌጥ ለጨረታ ቀረበ። የአሜሪካ ቀዳማዊት እመቤት የነበረችው የጃክሊን ኬኔዲ ነው። በ211,500 ዶላር ተሸጠ። ዕንቁዎቹ ግን ሰው ሠራሽ ነበሩ። የፈለገችውን መግዛት የምትችል ሴት አርቴፊሻል አድርጋ በአደባባይ ታየች። አላፈረችበትም፤ እኛስ ምን ያሳፍረናል?

[ወርቃማ ጉትቻ፣ ከፊትና ከጀርባ]

ወደ ዋጋው እንምጣ። እውነተኛ ወርቅ ሌላ ነገር ነው። ባለ 18 ካራት ከሆነ ከመቶ 75 እጁ ንጹህ ወርቅ ነው፤ ሲቸግር ይሸጣል። በእሱ አልከራከርም። ግን ትልልቅ የፋሽን ቤቶች በውድ የሚሸጡትን ጉትቻ መግለጫውን አንብቡት። ብዙ ጊዜ ናስ ነው። ወርቅ የሚመስል ቅብ የተቀባ ናስ! በርካሽ የምናገኘውም ብዙ ጊዜ ያው ናስ ነው። አሠራሩ ሊሻል ይችላል። የዋጋውን ልዩነት ያህል ግን አይሻልም፤ የቀረውን የምንከፍለው ለስሙ ነው።

ርካሽ ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። መምረጥ ይጠይቃል።

[እጅ ጉትቻውን ይገለብጣል]

ስትገዙ ገልብጡት። ፊቱን ማንም ያሳምረዋል፤ ጉዱ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ፈርጡን በጥፍራችሁ ነካ አድርጉት። ከተነቃነቀ ሙጫው አልያዘም፣ ሳምንት አይቆይም። ሐብል ከሆነ ማያያዣዋን ትንሽ ቀለበት እዩ። ጫፍና ጫፏ ካልገጠመ ሰንሰለቱ ሾልኮ ይወጣና መንገድ ላይ ይቀራል። ጠርዙን በጣታችሁ ዳብሱት፤ ከሻከረ ሹራባችሁን ይመዛል።

ቅቡ በጣም ስስ ነው። የሚለካው በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ቀለበት ቀኑን ሙሉ ከሳሙናና ከላብ ጋር ስለሚውል ቶሎ ይለቃል። ጉትቻ ግን ብዙም የሚነካው ስለሌለ ይቆያል። ስለዚህ ቅብ ስትገዙ ከቀለበት ይልቅ ጉትቻ ላይ ብታተኩሩ ያዋጣችኋል።

ጣታችሁ አረንጓዴ ከሆነ አትደንግጡ። ናሱ ውስጥ ያለው መዳብ ከላብ ጋር ተገናኝቶ ነው፤ ሲታጠብ ይለቃል። ካሳከካችሁና ከቀላ ግን ወዲያው አውልቁት። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኒኬል የሚባለው ብረት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጌጥ ወደ ቆዳ የሚወጣውን ኒኬል በሕግ የገደበው ለዚሁ ነው። ጆሯችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ታይታኒየም ከሚባለው ብረት የተሠራ ፈልጉ፤ ለጆሮ ከሚስማሙት አንዱ ነው።

[ትንሽ የጨርቅ ከረጢት]

ሽቶና ቅባት መጀመሪያ፣ ጌጡ መጨረሻ። ማታ ደግሞ ከሁሉ ቀድማችሁ እሱን አውልቁ። በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጋችሁ ለየብቻ በከረጢት አስቀምጡት። አንድ ላይ ከተጠራቀመ እርስ በርሱ ይፋቃል፣ ሰንሰለቱም ይቋጠራል።