ፒክቸርስ የት ነው? ፋይል ማናጀሩ ሲስተሙን ይጠይቅ

እሷ፦ ጤና ይስጥልን፣ ከጎንደር ነን። ዛሬ የምናወራው ፋይል ማናጀር፣ ማለትም ፋይሎቻችንን የምናይበትን ፕሮግራም፣ ስንከፍት በግራ በኩል ስለሚደረደሩት ሾርትከቶች ነው። ዴስክቶፕ፣ ዳውንሎድስ፣ ፒክቸርስ የሚሉት።

እሱ፦ ቀላል ይመስላሉ፤ ግን ብዙ ፕሮግራም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራመሩ ፒክቸርስ ሁልጊዜ ሲ ድራይቭ ላይ፣ ዩዘርስ ውስጥ፣ በስምሽ ስር ነው ብሎ አድራሻውን ኮዱ ውስጥ ይጽፈዋል።

እሷ፦ አብዛኛው ሰው ጋ እዚያው አይደል እንዴ?

እሱ፦ እስቲ ፎቶ ቤቶቻችንን አስቢ። ለጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ የሚነሳው ፎቶና ቪዲዮ ስንት ጊጋ ነው! ሲ ይሞላል። ስለዚህ ፒክቸርስን ራይት ክሊክ አድርገው፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሎኬሽን ገብተው ወደ ዲ ያዛውሩታል። ዊንዶውስ ራሱ የፈቀደው አሠራር ነው። አድራሻው ኮዱ ውስጥ የተጻፈበት ፋይል ማናጀር ግን አሮጌው ቦታ ይሄድና ወይ ባዶ ፎልደር ይከፍታል፣ ወይ የለም ይላል። ባለቤቱ የሰው ሠርግ ጠፋ ብሎ ልቡ ቀጥ ትላለች።

እሷ፦ ፎቶው ግን ዲ ላይ ቁጭ ብሏል። ታዲያ ምን ይደረግ?

እሱ፦ ሲስተሙን መጠየቅ ነዋ። ቪስታ ከሚባለው እትም ጀምሮ ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ልዩ ፎልደር የማይቀየር መለያ ሰጥቶታል፤ ኖውን ፎልደርስ ይላቸዋል። ፕሮግራሙ መለያውን ይሰጣል፣ ዊንዶውስ ፎልደሩ አሁን ያለበትን አድራሻ ይመልሳል። በቃ።

እሷ፦ ሊኑክስስ?

እሱ፦ እሱማ ደስ ይላል። ሆም በሚባለው የራስሽ ዋና ፎልደር ውስጥ ኮንፊግ የሚባል ድብቅ ፎልደር አለ፤ እዚያ ውስጥ ዩዘር ዲርስ የሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ታገኛለሽ። አንዱ መስመር ለዶክመንትስ፣ አንዱ ለሚዩዚክ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። በኤዲተር ከፍተሽ ትቀይሪዋለሽ። አንድ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ፦ መስመሩ ሆምን ራሱን የሚያሳይ ከሆነ ያ ፎልደር አያስፈልገኝም ማለት ነው። ጥሩ ፋይል ማናጀር ያኔ ሾርትከቱን አያሳይም።

እሷ፦ የተሰረዘ ፋይል የሚገባበት ሪሳይክል ቢንም እንደዚሁ ነው?

እሱ፦ እሱ ይለያል። አንድ ፎልደር ይመስላል እንጂ ሲም ዲም የየራሳቸው ድብቅ ቢን አላቸው። ዊንዶውስ አንድ ላይ አድርጎ ነው የሚያሳየን። ስለዚህ እንደ ተራ ፎልደር አድራሻ ፈልጎ መክፈት አያዋጣም።

እሷ፦ እሺ፣ ፒክቸርስን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ያደረገ ሰውስ? ዲስኩ ባይሰካ?

እሱ፦ ያኔ ፋይል ማናጀሩ በዝምታ ሌላ ባዶ ፎልደር መፍጠር የለበትም፤ ይሄ በጣም ያናድደኛል። ሰው እዚያ አዲስ ፋይል ያስቀምጥና ሥራው ሁለት ቦታ ይበተናል። ሾርትከቱ እዚያው ይቆይ፣ ደብዘዝ ይበል፣ ሲነካ ደግሞ የጠፋውን አድራሻ ይናገር።

እሷ፦ አልተገኘም ብቻ ሳይሆን፣ የት እንደፈለገው ጭምር።

እሱ፦ አዎ። ኢ ድራይቭ ላይ ፈልጌ አጣሁት ካለ፣ ሰውየው ዲስኩን ይሰካና ሥራውን ይቀጥላል።