የእማዬ እፍኝ ስንት ግራም ነው?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ያለሁት እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ፣ የምሠራበት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የማታው ኦርደር አልቋል፤ ምድጃው ግን ገና አልቀዘቀዘም።

ብዙ ልጆች "ጥሩ ሼፍ ለመሆን ምን ያስፈልጋል?" ይሉኛል። መልሱንም ይዘው ነው የሚመጡት። "እጅሽ ይጣፍጣል፣ የተሰጠሽ ነው።" እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማምነው።

እማዬ የድግስ ወጥ ሠሪ ነበረች። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ተዝካር ሲኖር እሷ ትጠራለች። በእኛ አገር ሴት ወጥ ከሆነላት "ባለሙያ ናት" ይባላል። ሙያ የሚለውን ቃል የማውቀው ከድስት ጋር ነው። ታዲያ እማዬ ቅመም ስትጨምር ሰው እንዲያያት አትወድም። "ሙያ በልብ ነው" ትላለች። እኔም ይህንኑ ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። የመከለሻዬን መጠን ለረዳቶቼ አላሳይም ነበር።

አንድ ዓመት ልክ ለጥምቀት ታመምኩ። ጎንደር በዚያ ሰሞን እንዴት እንደምትጨናነቅ ታውቃላችሁ። ጥር 11 ከፋሲለደስ መዋኛ የሚመለሰው እንግዳ ሁሉ ምሳ ይፈልጋል። ዶሮ ወጡን ልጆቹ ሠሩት። ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ በርበሬ ገባበት። መከለሻው ደግሞ በዛ። ወጡ መረረ፣ እንግዳ ሳህን መለሰ። ልጆቹ ተወቀሱ፣ ተሰደቡ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ያላስተማርኩትን ከየት ያምጡት?

ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ተቀየረ። ቤት ውስጥ ሙያ በልብ ይሁን። የሆቴል ወጥ ቤት ግን ዛሬ የቀመሰው ሰው ከወር በኋላ ሲመጣ ያንኑ ጣዕም ማግኘት አለበት፤ እኔ ኖርኩም አልኖርኩም። ለዚህ መመዘን፣ መጻፍ፣ ማሳየት ያስፈልጋል። የሆቴል ትምህርት ቤት "ሚዝ አን ፕላስ" የሚሉት ነገር አለ፤ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ሁሉን አዘጋጅቶ በየቦታው ማስቀመጥ ማለት ነው። አሥር ኦርደር ባንዴ ሲመጣ ሽንኩርት መክተፍ ከጀመርሽ አለቀልሽ።

የምታደርጉት ነገር ለምን እንደሆነም ማወቅ አለ። ቆላው መተማ ሲሠራ የቆየ ልጅ መጣልን። ሽምብራው አልበስል ሲለው እሳት ይጨምራል። ጎንደር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። እሳቱን ብትከምሩበት ከዚያ አያልፍም። የሚጨመረው ጊዜ ነው፣ ወይ ደግሞ ፕሬዠር ኩከር። ይህንን ስነግረው ፊቱ በራ። የሚጠይቅ ልጅ ደስ ይለኛል።

በአንድ ነገር ግን ቀልድ የለኝም። ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ሁዳዴ 55 ቀን፣ የጾም ምግብ እንሠራለን። የቅቤ ድስት የነካ ጭልፋ ሽሮው ውስጥ ቢገባ እንግዳው አያውቅም። ጓዳችንን አያይም። አምኖን ነው የሚበላው። አደራ ነው። ይህንን ቀላል የሚያደርግ ሰው፣ እጁ ማር ቢሆንም፣ አብሬው አልሠራም።

ባለፈው እማዬ ጋ ሚዛን ይዤ ሄድኩ። "በርበሬሽን እዚህ ላይ ጨምሪልኝ" አልኳት። ሳቀችብኝ። አንድ እፍኝ አደረገች፣ 62 ግራም። ገልብጬ እንደገና አስጨመርኳት፣ 61። ሦስተኛውን ዐይኗን ጨፍና አደረገችው፣ 63። ቁጥሩን ስነግራት ዝም ብላ እጇን አየችው። ከዚያ "በይ ጻፊው፣ ለልጆቹም ስጫቸው" አለችኝ።

ወረቀቱ አሁን ከምድጃው በላይ ተለጥፏል። ጠዋት ቁሌቱን የምትጀምረው ረዳቴ ናት።