ካልሲየም፦ ኪኒኑን ከመግዛትዎ በፊት

(ምስል፦ ደሴ፣ የመድኃኒት ቤት ባንኮኒ)

«ጉልበቴን ይቆረጥመኛል፤ እስቲ ካልሲየም ስጡኝ።»

እማማ፣ የጉልበት ቁርጥማት ሁሉ የካልሲየም እጥረት አይደለም። አጥንት ሲሳሳ እንዲያውም አያምም፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ወድቀው ሲሰበር ነው። ስለዚህ ቁርጥማቱን ለሐኪም ያሳዩ። ካልሲየሙን ደግሞ ከማዕድዎ እንጀምር።

ከ19 እስከ 50 ዓመት ያለ ሰው በቀን 1000 ሚሊግራም ይበቃዋል። ከ50 በላይ ለሆኑ ሴቶች 1200፣ ለጎረምሶችና ለኮረዶች 1300 ነው።

(ምስል፦ እርጎ፣ እንጀራ፣ ጎመን)

አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ገደማ ይሰጣል። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ደግሞ 180 ያህል አለ። በጾም ወተት ሲቀር ጎመን ይተካ። ቆስጣ አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ እኩል አይምሰልዎ፤ በውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን አስሮ ይይዘዋል። በረመዳን ሲያፈጥሩና በስሁር እርጎ ቢጨምሩ ጥሩ ነው። የሐይቅ ዓሣስ? ሥጋው ለሌላ ነገር ይጠቅማል፤ ካልሲየሙ ግን እኛ የምንጥለው አጥንቱ ውስጥ ነው።

አይብ ላይ ትንሽ ልቆይ። አሬራው እሳት ላይ ሲሞቅ አይቡ ይንሳፈፋል፣ አጓቱ ከሥር ይቀራል። አሬራው ኮምጣጣ ስለሆነ ካልሲየሙ ይሟሟና አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። እኛ አይቡን በጎመን እንበላለን፣ አጓቱን እንደፋለን! ንጹሕ ከሆነ ይጠጣ እንጂ።

(ምስል፦ የብልቃጡ ጽሑፍ በቅርበት)

ይህ ሁሉ ካልሞላ ወደ ኪኒኑ እንምጣ። ብልቃጡ ላይ «ካልሲየም ካርቦኔት 1250 ሚ.ግ.» የሚል ካነበቡ፣ የካልሲየሙ መጠን 1250 አይደለም፤ ከካርቦኔት ውስጥ ካልሲየሙ 40 በመቶ ስለሆነ 500 ነው። ካልሲየም ሲትሬት ከሚባለው ሌላ ዓይነት ኪኒን ደግሞ 21 በመቶ ብቻ። ካርቦኔት ርካሽ ነው፤ ከምግብ ጋር ይዋጣል፣ ሆድ ሊያደርቅ ይችላል። ሲትሬት በባዶ ሆድም ይሆናል፤ እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይሻላል። የትኛውም ቢሆን ካልሲየሙ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም አይለፍ፤ ሰውነት በአንዴ ብዙውን አይቀበለውም።

ነፍሰ ጡር የሆንሽ እህቴ፣ ከጤና ጣቢያ የተሰጠሽን የደም ማነስ ኪኒን (አይረኑን ማለቴ ነው) ከካልሲየሙ ጋር አብረሽ አትዋጪ፤ አንዱን ጠዋት፣ ሌላውን ማታ አድርጊው። የእንቅርት መድኃኒት ሌቮታይሮክሲን የሚወስድ ሰው ቢያንስ 4 ሰዓት ያራርቅ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ዶክሲሳይክሊን (ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች ናቸው) የታዘዘለትም ሰዓቱን ፋርማሲስቱን ይጠይቅ።

የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ያለ ሐኪም አይጀምር። ገበያ ላይ «የአጥንት ዱቄት ነው» ተብሎ ያለ ስምና ያለ ጽሑፍ የሚሸጠውንም አይግዙ፤ እንዲህ ያለው እርሳስ ሊኖርበት ይችላል።