«ስጋት አለው» ሲሉሽ

(ምስል፦ የክትትል ካርድ። ጥጉ ላይ በቀይ የተሰመረበት አንድ ቃል።)

ሐኪሙ ካርድሽን አገላበጠና «እርግዝናሽ ስጋት ስላለው ክትትሉን ጠበቅ እናደርገዋለን» አለሽ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ነግሮሻል። አንቺ ግን አልሰማሽውም። ቤት ስትደርሺ ጆሮሽ ላይ የቀረው «ስጋት» የሚለው ብቻ ነው።

እስቲ ቃሉን ቀስ ብለን እንየው። ስጋት አለው ማለት ክፉ ነገር መድረሱ አይቀርም ማለት አይደለም። ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት ማለት ነው። መነሻው የደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ስኳር፣ መንታ፣ የማህፀን በር ላይ የተቀመጠ የእንግዴ ልጅ፣ ወይም ከዚህ በፊት ያለ ጊዜው የመጣ ምጥም ሊሆን ይችላል። ያንቺ የትኛው ነው? ካላወቅሽ የመጀመሪያ ጥያቄሽ እሱ ይሁን።

(ምስል፦ ክንድ ላይ የተጠመጠመ የግፊት መለኪያ።)

አንዱን ብቻ ይዘን እንሂድ፤ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለውን የእርግዝና የደም ግፊት ሕመም። የሚመጣው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ነው። ግፊቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይገኛል። ተንኮለኛ ነው። ኩላሊትና ጉበት እየነካ አንቺ ምንም ላይሰማሽ ይችላል። «ምንም ሳያመኝ ለምን ያመላልሱኛል?» ትያለሽ። የሚያመላልሱሽ እኮ ስለማያምሽ ነው። ካመመሽማ ራስሽ ትመጫለሽ።

አሁን መተማመኑ የሚፈተንበት ቦታ ደረስን። ባለፈው ሳምንት «እንጠብቅ» ያለሽ ሐኪም ዛሬ «መውለድ አለብሽ» ይልሻል። የቱን ልመን? እኔ እንደማየው ብዙ ሰው ልቡ ከሐኪሙ የሚሸሸው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የዚህ በሽታ ዋና መፍትሔ መውለድ ነው። ልጁ ደግሞ 37 ሳምንት ሳይሞላው ከመጣ ሳንባው ገና ላይጠነክር ይችላል። የሚጨመረው ሳምንት ለልጁ ትርፍ፣ ላንቺ ግን ዕዳ ሊሆን ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በየቀጠሮው እንደ አዲስ ይመዝናል። ግፊቱ 160/110 ከደረሰ፣ የደም ምርመራሽ ከተበላሸ፣ ወይም የልጁ እድገት ከቆመ መልሱ ይለወጣል። ቃሉን አጥፎ አይደለም፤ ቁጥሩ ተለውጦ ነው። ጊዜ ከተገኘ ለልጁ ሳንባ የስቴሮይድ መርፌ ትወጊያለሽ። በሽታው ሲከፋ ሊያመጣ የሚችለውን መንቀጥቀጥ ለመከላከል ደግሞ ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባል መድኃኒት አለ።

ማመን ማለት አፍን መዝጋት እንዳይመስልሽ። «ምን አይታችሁ ነው? ምን ሲለወጥ ነው ዕቅዱ የሚለወጠው? ሳልቀጠር መምጣት ያለብኝ መቼ ነው?» በዪ። ጽፈሽ ግቢ፤ እዚያ ስትቀመጪ ሁሉም ከጭንቅላትሽ ይጠፋል። ሰው ይዘሽ ግቢ፤ አንቺ ስትደነግጪ እሱ ይሰማል። ሐኪሙ ቢቸኩልም «ዶክተር፣ አልገባኝም» ማለት ነውር የለውም። ሌላ ሐኪም ማማከርም ክህደት አይደለም። ባንቺ በኩል ደግሞ፣ በራስሽ የወሰድሽውን መድኃኒት ወይም ያቋረጥሽውን ክኒን አትደብቂ። ሐኪሙ የማያውቀውን ነገር ሊመዝንልሽ አይችልም።

ስለ መተኛት አንድ ነገር። «ዝም ብለሽ ተኝተሽ ጨርሺው» የሚል ሰው አይጠፋም። መተኛት ብቻውን ፕሪኤክላምፕሲያን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። ረጅም ጊዜ መተኛት ደግሞ ደም እንዲረጋ መንገድ ይከፍታል። ሐኪምሽ ካላዘዘሽ አልጋ ላይ አትዋዪ።

(ምስል፦ ሌሊት። ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ስልክ።)

ፍርሃቱስ? እንቅልፍ ነስቶሽ ሌሊቱን ስልክ ላይ ካነጋሽ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ እሱንም ልክ እንደ ሕመም ተናገሪ። ጭንቀትም ይታከማል።

ቀጠሮ የማይጠብቁትን ግን ልብ በዪ። አልለቅ ያለ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ በቀኝ በኩል ከጎድን በታች የሚያም ነገር፣ ደም፣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ። ከእነዚህ አንዱን ካየሽ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። «በከንቱ አስቸገርኳቸው» የሚለው ሐሳብ አይያዝሽ። ደህና ነሽ ተብሎ መመለስም ጥሩ ውጤት ነው።

(ምስል፦ አራስ ልጅ የታቀፈች እናት።)

ከወለድሽ በኋላም ያ የግፊት መለኪያ ተመልሶ ይመጣል። አትገረሚ። ፕሪኤክላምፕሲያ ከወሊድ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊነሳ ይችላል። በአንድ ክንድሽ ልጅሽን ታቅፈሽ ሌላኛውን ለመለኪያው ትዘረጊያለሽ።