ከጣሪያ ሥር ወደ ሳተላይት መደወል፦ ቋሚው የሳተላይት ስልክ

(ጥቁር ስክሪን። ስልክ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ይቋረጣል።)

ጥር 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በደቡብ ፓስፊክ፣ ቶንጋ በምትባል የደሴቶች አገር አጠገብ ከባሕር ሥር ያለ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ቶንጋን ከውጭው ዓለም የሚያገናኛት አንድ የባሕር ውስጥ ኬብል ነበር፤ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ፊጂ የሚደርስ። ፍንዳታው በጠሰው። ኢንተርኔቱም የውጭ ስልኩም አብረው ጸጥ አሉ። ኒውዚላንድና አውስትራሊያ የሚኖሩ ልጆች እናታቸው በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቁ ቀናት አለፉ። ኬብሉ ተጠግኖ የተመለሰው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚያ የወጣው ወሬ ባብዛኛው በጥቂት የሳተላይት ስልኮች የመጣ ነው፤ እነሱንም የአመዱ ደመና እያስቸገራቸው።

(ጠረጴዛ። ትንሽ ሣጥን፣ አጠገቡ ተራ የቢሮ ስልክ። እጅ ገብቶ መነጋገሪያውን ያነሳል።)

ዛሬ የማሳያችሁ እቃ ይኸው ነው። ሲያዩት ምንም አይገርምም። የዋይፋይ ራውተር የምታክል ሣጥን፣ ከጎኗ ያው ቢሮ ውስጥ የምናውቀው ባለገመድ ስልክ። መነጋገሪያውን ስታነሱት "ቱ…" ይላል። ይህ "ቱ" ግን ከቴሌ የመጣ አይደለም። ሣጥኗ ራሷ ናት የምትፈጥረው። ስልኩ ግድግዳው ላይ ካለው የመስመር ስልክ ጋር የተገናኘ ይመስለዋል፤ እሷ ደግሞ ድምፁን ተቀብላ ወደ ሰማይ ትልከዋለች።

የሳተላይት ስልክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ያቺን ወፍራም አንቴና ያላትን የእጅ ስልክ ነው። እሷ ቤት ውስጥ አትሠራም። የምትጠቀምበት ሞገድ ከላይ ሲደርስ በጣም ደካማ ስለሆነ ቆርቆሮና ኮንክሪት ያስቀሩታል። ለመደወል ደጅ ወጥታችሁ፣ አንቴናዋን ወደ ሰማይ አቅንታችሁ ትቆማላችሁ። መደወሉስ ይሁን፤ የሚደወልላችሁስ? መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ የሳተላይት ስልክ አይጠራም። ከሌሊቱ በሰባት ሰዓት ጤና ጣቢያውን የሚፈልግ ሰው ማንንም አያገኝም። ቋሚው መሣሪያ የተሠራው ለዚህ ነው፤ አንቴናው ጣሪያ ላይ፣ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ፣ መሐላቸው ኬብል። ሌት ተቀን ይጠብቃል፣ ሲደወል ይጮኻል። ከቢሮው ስዊችቦርድ ጋር ከተያያዘም ማንኛውም ሠራተኛ ከወንበሩ ሳይነሳ በሳተላይት መደወል ይችላል።

(ካሜራው ኬብሉን ተከትሎ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ጣሪያ ይወጣል።)

ኬብሉ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሰው ገንዘብ ቆጥቤያለሁ ብሎ የሚከስረው እዚህ ላይ ነውና። ያ ቀጭን ጥቁር ኮአክሲያል ኬብል በዚህ ሞገድ አራት አምስት ሜትር ሲሄድ የሲግናሉን ግማሽ ጉልበት ይበላዋል። ጣት የሚያክለው ወፍራሙ ግን ግማሹን ለመብላት ከ15 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። ሣጥኗ ሦስተኛ ፎቅ፣ አንቴናው አምስተኛው ላይ ከሆነ ቀጭኑን መግዛት መሣሪያውን አለመግዛት ነው። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ደግሞ የመብረቅ መከላከያ ይግባለት፤ ወደ መሬትም ይታሰር። ጣሪያ ላይ የቆመ ብረት ክረምቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ የምናውቀው ነገር ነው።

ክረምትን ካነሳን፣ ዶፍ ሲወርድ የቴሌቪዥን ዲሽ ምስሉን እንደሚቆራርጥ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። "ይኼስ?" ለሚል፦ የዲሹ ሞገድ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ የዝናብ ጠብታ በቀላሉ ይበትነዋል። የዚህኛው 19 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ዝናቡን ከቁብም አይቆጥረው። ፍጥነቱ ትንሽ ቢሆንም ለመጠባበቂያ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

(ሥዕል፦ ምድር። በዙሪያዋ በቅርብ የሚሮጡ ብዙ ነጥቦች፣ በሩቅ የቆመ አንድ ነጥብ።)

አሁን ወደ ሰማዩ። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። ኢሪዲየም የሚባለው 66 ሳተላይቶች አሉት፤ ከምድር 780 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ይሮጣሉ። በነገራችን ላይ ስሙ የመጣው ከኬሚስትሪ ነው። መጀመሪያ የታሰበው 77 ሳተላይት ነበር፤ 77ኛው ንጥረ ነገር ኢሪዲየም ነው። ቁጥሩ ሲቀንስ ስሙን የለወጠው አልተገኘም። እነዚህ ሳተላይቶች ምድርን በ100 ደቂቃ ያህል ይዞሯታል። አንዱ ከአድማስ ወጥቶ እስኪጠልቅ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ እናንተ እያወራችሁ ጥሪውን ለሚቀጥለው ያቀብለዋል። እርስ በርሳቸውም ስለሚነጋገሩ አጠገባችሁ የምድር ጣቢያ መኖር የለበትም። ድምፃችሁ ከሳተላይት ሳተላይት እየተላለፈ አሪዞና፣ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ሊወርድ ይችላል።

እንዲህ ከሆነ አንቴናው ሰማዩን ሙሉ፣ በሁሉም አቅጣጫ ማየት አለበት። ይህን እኔ የተማርኩት በውሃ ታንከር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ መሣሪያውን ከተከልንለት ከዓመት በኋላ ጠራን። "ስልኩ ይሠራል፤ ግን ሦስት አራት ደቂቃ አውርተን ይቋረጣል፣ ከዚያ ይመለሳል" አሉ። ሣጥኗን ቀየርን። ያው ነው። ሲም ካርዱን ቀየርን። ያው። መጨረሻ ላይ የጥበቃው አባት "ጣሪያውን አይታችኋል?" አሉን። ወጣን። አንቴናው የት ሄዶ! ከጎኑ አምስት ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንከር ጢም ብሎ ሞልቶ ቆሟል። ቧንቧ ሠራተኛው ቦታው ባዶ መስሎት ነው። ውሃ ደግሞ ይህን ሞገድ ከቆርቆሮ ባልተናነሰ ይከለክላል። ሳተላይቱ ከታንከሩ ጀርባ በገባ ቁጥር ጥሪው ይሞታል፤ ሌላው በወዲያኛው በኩል ሲወጣ ይነሳል። ሳተላይት ሲጠልቅና ሲወጣ በጆሮዬ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ዓይነት እንደ ኢንማርሳትና ቱራያ ያለው ነው። ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። አንቴናው የሚፈልገው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። አፍሪካን የሚሸፍነው የቱራያ ሳተላይት 44 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአናት በላይ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ታንከሩም ጎረቤት ሕንፃውም ብዙ አያሳስብም። ርቀቱ ግን ዋጋ አለው። ድምፅ ለመድረስ ሩብ ሰከንድ፣ መልሱን ለመስማት ግማሽ ሰከንድ። ያልለመደው ሰው "ሀሎ" ይላል፣ ዝም ሲባል ደግሞ "ሀሎ" ይላል፣ ከዚያ ሁለቱም አብረው ያወራሉ፣ ሁለቱም አብረው ዝም ይላሉ። መፍትሔው እንደ ድሮው የሬዲዮ መገናኛ ነው፤ ተናግሮ መጠበቅ።

ደግሞም ሳተላይትም ይሞታል። እስያንና አውስትራሊያን ይሸፍን የነበረው ቱራያ 3 በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ተበላሽቶ ቀረ፤ በዚያ በኩል የነበሩ ደንበኞች ሣጥናቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ያለ አገልግሎት ቀሩ። ፈጣን የሳተላይት ኢንተርኔት የሚሰጠው ስታርሊንክም ቢሆን በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በራሱ ሶፍትዌር ችግር በብዙ አገሮች ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ጠፍቷል። ስታርሊንክ በፍጥነት አይወዳደሩትም፤ ግን መብራት ይበላል። ይህች ሣጥን በአንድ የመኪና ባትሪ ቀናት ትቆያለች።

(ስክሪኑ ላይ አንድ ፎቶ በጣም በዝግታ ይከፈታል።)

ዳታውስ? የድሮው የኢሪዲየም መስመር በሰከንድ 2.4 ኪሎቢት ነው። 1 ሜጋባይት ፎቶ ለመላክ አንድ ሰዓት ገደማ ማለት ነው። አዲሱ ሰርተስ የተባለው አገልግሎት እንደ አንቴናው ዓይነት በሰከንድ እስከ 704 ኪሎቢት ይደርሳል። ኢሜይል፣ ጽሑፍ፣ የመድኃኒት ዝርዝር ይበቃዋል። ቪዲዮ አትሞክሩ። ኮምፒውተሩን ዝም ብላችሁ ብትሰኩት ደግሞ ዊንዶውስ "አፕዴት ላድርግ" ብሎ የወሩን ሒሳብ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። መጀመሪያ የሚያልፈውን መርጦ ሌላውን መዝጋት ነው።

አሁን ሻጮች የማያነሱትን ጥያቄ ላንሳ። ኔትወርኩ ጠፋ እንበል፤ በሳተላይት ለማን ነው የምትደውሉት? የክልል ቢሮው ሞባይል ጋ ከሆነ ጥሪያችሁ ሰማይ ደርሶ፣ የቱራያ የምድር ጣቢያ ባለበት ሻርጃ (ኤምሬትስ) ወይም አሪዞና ወርዶ፣ ተመልሶ የሚመጣው ወደዚያው ወደጠፋው ኔትወርክ ነው። በዚያኛው ጫፍም ሣጥን መኖር አለበት። ለአንድ መሥሪያ ቤት አንድ መግዛት ግማሽ ድልድይ መሥራት ነው፤ ቢያንስ ሁለት፣ ቁጥራቸውም አንዱ ሌላው ጋ ተጽፎ።

(ቅርብ ምስል፦ ቁጥር መንኪያው።)

አደዋወሉም ይለያል። መንገድ ማዶ ላለው ሰው ብትደውሉም 00 251 ብላችሁ ነው የምትጀምሩት፤ ሣጥኗ ኢትዮጵያ ውስጥ መሆኗን አትቆጥረውም። በ09 ጀምሮ "አይሠራም" ብሎ የዘጋ ስንቱ ነው።

እና ፈቃድ። በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 መሠረት የቴሌኮም መሣሪያ ያለ ፈቃድ ማስገባትም መያዝም በእስር ያስቀጣል። አዲሱ ተቆጣጣሪ በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከውጭ የምትመጡ ዘመዶቻችን፣ "ለገጠሩ ክሊኒክ በሻንጣ ይዤ ልምጣ" አትበሉ። ጉምሩክ ላይ ይቀራል፤ እናንተም አብራችሁ ልትቀሩ ትችላላችሁ።

(ሣጥኗ። ጎኗ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት፣ ቀኖች በብዕር ተጽፈዋል።)

ታንከሩ ያለበት መሥሪያ ቤት ዛሬ እንዲህ ያደርጋል። ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ የጥበቃው አባት ጣሪያ ወጥተው ያያሉ። ጸሐፊዋ የመብራቱን ሶኬት ነቅላ፣ በባትሪ ብቻ፣ ቅርንጫፉ ጋ ትደውላለች። የሲም ካርዱ ጊዜ የሚያበቃበት ቀን ወረቀቱ ላይ በቀይ አለ፤ አንዴ ሳይታደስ ቀርቶ ቁጥሩ ተቃጥሎባቸዋል።

(ጸሐፊዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። "ሀሎ? … አዎ፣ ይሰማል። … ታንከሩ? የለም፣ የለም፣ ወዲያኛው ጥግ ነው ያለው።" ስልኩን ትዘጋና ወረቀቱ ላይ የዛሬን ቀን ትጽፋለች።)